ከቅዳሴ በፊት የሚደርስ ንባብ፦ በጅማ በአንድ ደብር ስለሚሰጠው የሳምንት ንባብ አገልግሎት

በጅማ ከተማ ካሉት አድባራት በአንዱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት የሳምንቱን ምንባባት ለምእመናን የሚያካፍሉበት አገልግሎት አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ስለተጠቀምኩበት፣ ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚጎድለውና ለማን እንደሚበጅ ልጽፍ ወሰንኩ። የደብሩን ስም የማልጠቅሰው ጉድለቱንም ጭምር ስለምጽፍና አገልጋዮቹ ከሥራና ከትምህርት የተረፈ ጊዜያቸውን ያለ ክፍያ የሚሰጡ ወጣቶች ስለሆኑ ነው፤ የከተማው ሰው ግን ጠይቆ አያጣውም።

የሚሰጠው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ነጠላ ወረቀት ለሁለት ታጥፎ 4 ገጽ ይሆናል። በፊተኛው ገጽ የሰንበቱ ስያሜና ምስባኩ፣ ማለትም ከወንጌል በፊት የሚዜመው የዳዊት መዝሙር ክፍል፣ በግእዝ ከነአማርኛ ፍቺው ይቀመጣል፤ በመካከለኞቹ ሁለት ገጾች በግጻዌው (የየዕለቱን ምንባባት በሚያሳየው መጽሐፍ) የታዘዙት ምንባባት ከአጭር ማብራሪያ ጋር ይቀርባሉ፤ በመጨረሻው ገጽ ደግሞ በሳምንቱ ከሚታሰቡት ቅዱሳን የአንዱ ታሪክ ከስንክሳር (የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ ከሚያቀርበው መጽሐፍ) ተቀንጭቦ ይወጣል፣ ከሥሩም ለውይይት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ዋጋው 10 ብር ሲሆን ገንዘቡ የሚጣለው በር ላይ በተቀመጠች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ያልጣለውን ማንም አይጠይቀውም። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የአንድ ሰዓት ያህል የጋራ ንባብ ይደረጋል፤ ከአዳራሹ ጥግም ለአንድ ሳምንት የሚዋሱ መጻሕፍት የተደረደሩበት ቁም ሣጥን አለ።

ይህ ሁሉ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም ወረቀቱ ምእመኑ እጅ የሚገባው መቼ ነው የሚለው ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት የቅዳሴውን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በቅዳሴ ጊዜ በመጀመሪያ ገባሬ ሠናዩ (ዋናው አገልጋይ) ዲያቆን ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ያነባል፣ ቀጥሎ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከዚያም ንፍቁ ካህን ከሐዋርያት ሥራ ያነባሉ፤ ምስባኩ ከተዜመ በኋላ ወንጌሉ ይነበባል። አራቱ ንባባትና ምስባኩ እንዲሁ አልተሰባሰቡም፤ ሊቃውንቱ አንዱ ለሌላው እንዲመሰክር አስማምተው የሠሩት ነው። ይሁን እንጂ ቆሞ የሚሰማ ሰው፣ በተለይ ልጅ የታቀፈች እናት ወይም ድምፅ ማጉያው ከማይደርስበት ቅጽር የቆመ ሰው፣ የመጀመሪያውን ንባብ ከመጨረሻው ጋር አገናኝቶ ለመያዝ ይቸገራል። እኔም ለብዙ ዓመታት ወንጌሉን ብቻ እየሰማሁ፣ የቀረውን እንደ መንደርደሪያ እየቆጠርኩ ስመለስ ኖሬያለሁ።

አገልግሎቱ ሲጀመር ወረቀቱ የሚታደለው እሑድ ጠዋት ስለነበር ይህን ችግር አልፈታውም ነበር። ሰው ከእጁ እንደገባ ወደ ቦርሳው ይከተዋል፤ በቅዳሴ መካከል ወረቀት እያገላበጠ የሚያነብ ቢኖርም ጸሎቱን ይረብሽ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ቡና የተፈላበት ቤት፣ እንግዳና የቤት ሥራ ይጠብቀዋል። በጋራ ንባቡም የሚናገሩት አዘጋጆቹ ብቻ ነበሩ። ጥቂቶቻችን ይህንኑ ለአስተባባሪዎቹ ስንነግራቸው ሳይቀየሙ ተቀበሉንና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚቀጥለውን እሑድ ወረቀት ከአንድ ሳምንት አስቀድመው ማደል ጀመሩ። የተለወጠው ነገር የዕደላው ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬ አገልግሎቱን ለሌሎች አድባራት እንደ አብነት የማቀርበው ግን በዚህ ለውጥ ምክንያት ነው። በሳምንቱ ውስጥ ጳውሎስን ሰኞና ማክሰኞ፣ ሐዋርያቱን በሳምንቱ አጋማሽ፣ ወንጌሉን ቅዳሜ ማታ ያነበበ ሰው፣ እሑድ ዲያቆኑ ድምፁን ሲያሰማ የሚያውቀውን ሰው በመንገድ እንዳገኘ ያህል ልቡ ይነቃል። በጋራ ንባቡም ላይ ሰው ጥያቄ ይዞ መምጣት ጀመረ።

ለዚህ የሚሆነኝን ምሳሌ ከዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት፣ ከመጻጉዕ (በሽተኛ ማለት ነው) ላምጣ። የዚያ ዕለት ወንጌል በዮሐንስ ምዕራፍ 5 ያለው፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በአልጋው ላይ ተኝቶ የኖረው ሰው ታሪክ ነው። ወረቀቱ ከወንጌሉ ጎን የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5፣ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ የሚለውን ክፍል፣ እንዲሁም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3ን፣ መልካም በተባለችው የመቅደስ ደጅ ተቀምጦ ይለምን የነበረውን ሽባ ታሪክ አስቀምጧል። ምስባኩም እግዚአብሔር ድውዩን በሕማሙ አልጋ ላይ እንደሚረዳው የሚናገረው የዳዊት መዝሙር ነው።

በዚያ ዕለት በአዳራሹ ከተሰበሰብነው መካከል አንዲት የጤና ተማሪ ነበረች። ወረቀቷን በእርሳስ አስምራበት መጥታ እንዲህ አለች፦ «በመቅደሱ ደጅ የተቀመጠው ሰው በየቀኑ ተሸክመው የሚያመጡት ሰዎች ነበሩት። መጻጉዕ ግን 'ሰው የለኝም' ነው ያለው። ሁለቱም በሽተኞች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ተሸካሚ አለው፣ አንዱ የለውም።» እነዚህን ሁለት ታሪኮች ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ጎን ለጎን አድርጌ ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ በኛም ሰፈር ሰው የሌላት አለች» አሉ። ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ስለቆዩ ጎረቤታቸው ነበር የተናገሩት። አስተባባሪው ዲያቆን «እማማ፣ ቤታቸውን ያሳዩናል?» ብሎ ጠየቃቸው፤ በዚያው ሳምንት ሦስት ወጣቶች ካህን ይዘው ሄዱ፣ የያዕቆብ መልእክትም በሴትየዋ አልጋ አጠገብ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ከቤት መውጣት ለማይችሉ ምእመናን በየቤታቸው ይደርሳል፤ የሚያደርሰውም ሰው ጥሎ አይሄድም፣ ተቀምጦ ያነብላቸዋል።

እኒያ እናት ስለ አገልግሎቱ ያለኝን ሌላ አሳብም ለውጠውታል። የንባብ ነገር ሲነሣ ማንበብ ለሚችሉ ብቻ የተዘጋጀ አድርገን እናስባለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናነበው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ግን በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስም ሲያነብ ሰምቶት ነው ቀርቦ የምታነበውን ታስተውላለህን ብሎ የጠየቀው። የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል የሚለው የጃንደረባው መልስም ሁላችንም የምናውቀው ነው። ጃንደረባው በልቡ ብቻ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ የሚያነበውን ከምን ያውቅ ነበር? በዚህ አዳራሽም ምንባቡ በሙሉ ድምፅ በየተራ ይነበባል፤ የማያነቡት ይሰማሉ፣ የሰሙትም ይናገራሉ። በትዝብቴ ከሚነሡት አሳቦች መካከል ጥልቅ የሆኑት ከሰሚዎቹ የሚመጡ ናቸው፤ ምክንያቱም እነዚህ እናቶችና አባቶች ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን በጆሮ አጥንተው ዕድሜያቸውን ሁሉ በልባቸው ሲያመላልሱት የኖሩ ናቸው።

የወረቀቱ ይዘት ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ባሉት የጾሙ ስምንት ሰንበታት ዝግጅቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሰንበት የራሱ ስያሜና መልእክት ስላለው አዘጋጆቹም የሚጽፉት አያጡም። የምኩራብ፣ የደብረ ዘይትና የገብር ኄር ወረቀቶች አሁንም በቤቴ ተቀምጠዋል። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ግን ማብራሪያው እያጠረ ይሄዳል፤ በክረምቱ ወራት ደግሞ አንዳንድ ሳምንት የምንባባቱ ምዕራፍና ቁጥር ብቻ ተጽፎ የቀረው ገጽ በማስታወቂያ ይሞላል። ተማሪዎቹ ለዕረፍት ወደየቤታቸው ስለሚሄዱ የሰው ኃይል እንደሚያንሳቸው አውቃለሁ። ሆኖም የክረምቱን ወረቀት በግንቦት አዘጋጅቶ ማቆየት የሚቻል ይመስለኛል፤ ግጻዌው አስቀድሞ የታወቀ ነውና።

ስለ ማብራሪያው ምንጭም የምለው አለ። «ሊቃውንት እንዲህ ብለው ይተረጉማሉ» የሚለው ሐረግ በየወረቀቱ ይደጋገማል፤ የትኞቹ ሊቃውንት እንደሆኑ ግን አይነገርም። አሳቡ ከአንድምታው (ከቤተ ክርስቲያኒቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ) የመጣ ከሆነ ከየትኛው መጽሐፍ አንድምታ እንደሆነ፣ ከዮሐንስ አፈወርቅ ድርሳን ከሆነ ደግሞ ከየትኛው ድርሳን እንደሆነ በአንድ መስመር ቢገለጽ፣ ጠለቅ ብሎ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ወደ ምንጩ መሄድ ይችላል። አንድምታው ራሱ «አንድም» እያለ የተለያዩትን ፍቺዎች ለይቶ የሚያስቀምጠው አንባቢ የአባቶችን አሳብ ሳይደባልቅ እንዲይዝ ነው። ወረቀቱ ግን ሁለትና ሦስት ፍቺዎችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጨምቆ ስለሚያቀርብ የትኛው ከየት እንደመጣ ለመለየት የተቸገርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። መንፈሳዊ ጽሑፍ የሚያካፍል ሰው የአሳቡን ባለቤት የመግለጥ ኃላፊነት አለበት ብዬ ስለማምን ይህን ጉድለት እንደ ቀላል አላየውም።

ከዚህ ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያደናግር የቁጥር ጉዳይም አለ። በመጻጉዕ ዕለት ምስባኩ መዝሙር 40 ቁጥር 3 ተብሎ ተጽፎ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በስልኩ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 40ን ሲከፍት ያገኘው ስለ በሽተኛ የሚናገረውን ሳይሆን «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» የሚለውን ነው፤ ወረቀቱ ተሳስቷል ብሎም ለአስተባባሪው አሳየው። ስሕተት ግን አልነበረም። ግእዙ ዳዊት የሚከተለው የሰብዓ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ሲሆን፣ የዕብራይስጡን አቆጣጠር የሚከተሉ እትሞች በአብዛኛው መዝሙራት ላይ በአንድ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ልጁ የሚፈልገው በስልኩ ላይ 41ኛው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማተም ምንም ወጪ የለውም፤ እስከ አሁን ግን አልተደረገም፤ በየጊዜውም አንድ ሰው ይሳሳታል።

በጅማ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የቋንቋን ጉዳይ ሊያልፈው አይችልም። ወረቀቱ በአማርኛ በየሳምንቱ፣ በአፋን ኦሮሞ ግን በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይወጣል። ከገጠር ለሚመጡት ምእመናንና በአፋን ኦሮሞ ለተማሩት ልጆች ይህ በቂ አይደለም። የፊደሉም ነገር ተጨማሪ ችግር አለው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ (በላቲን ፊደል) የተማረው ወጣት የኦሮምኛውን ወረቀት አቀላጥፎ ሲያነብ፣ በግእዝ ፊደል የተማሩት ኦሮምኛ ተናጋሪ አባቶች ግን የገዛ ቋንቋቸውን ማንበብ ያቅታቸዋል። በአንድ ሰንበት አንድ አባት ወረቀቱን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው ሲያስነብቡት፣ ልጁም የማይገባውን የቤተ ክርስቲያን ቃል እርሳቸው ሲፈቱለት አይቻለሁ። ልጁ ፊደሉን፣ አያቱ ትርጉሙን ይዘው አንዱን ገጽ እስኪጨርሱ ድረስ ሰዓቱ አለቀ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ የልጅ ልጅ በአጠገባቸው የሌላቸው አባቶች ስላሉ፣ ቢያንስ ምስባኩና ወንጌሉ በአፋን ኦሮሞ በግእዝ ፊደልም ጭምር እንዲታተሙላቸው እጠይቃለሁ።

ስለ ኅትመቱ ብዙ የምለው የለኝም። ፊደሉ በጣም ያንሳል፤ መነጽር ያለው ሰው እንኳ በአዳራሹ ብርሃን ይቸገራል። የፎቶ ኮፒው ቀለም አንዳንዴ ይደበዝዛል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ከደጀ ሰላም እስከ ባጃጅ ድረስ እንኳ ሳይርስ መድረስ ያቅተዋል፤ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ አዘጋጅ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር። በቴሌግራም የሚላከውም የወረቀቱ ፎቶ እንጂ ጽሑፉ ስላልሆነ ለማንበብ አይመችም።

የመጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ትንሽ ቢሆንም ጥሩ ምርጫ አለው። ውዳሴ ማርያም ከነትርጓሜው፣ ሃይማኖተ አበው፣ የቅዱሳን ገድላትና ድርሳናት፣ የቆዩ የሐመር መጽሔት እትሞች፣ ለልጆችም ሥዕል ያለባቸው መጻሕፍት ይገኛሉ። ተዋሹ ስሙንና የወሰደበትን ቀን በደብተር ይጽፋል፤ ማስያዣ የለም። በዚህ እምነት ላይ የተመሠረተ አሠራር ደስ ቢለኝም ዋጋ እያስከፈለ ነው። ስንክሳሩ በሁለት ቅጽ ሲሆን ከመስከረም እስከ የካቲት ያለውን የተዋሰ ሰው ለወራት ሳይመልሰው ቀርቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የወረቀቱ የቅዱሳን ታሪክ ሳይወጣ የቀረባቸው ሳምንታት ነበሩ። የጠፋው መጽሐፍ የአንድ ሰው ንብረት ሳይሆን የብዙ ሰው የሳምንት ስንቅ መሆኑን ተዋሾቹ ሊረዱት ይገባል። አዘጋጆቹም ስንክሳርንና ግጻዌን የመሰሉ ለዝግጅቱ የሚያስፈልጉ መጻሕፍትን ከማዋስ ቢቆጠቡና በአዳራሹ ውስጥ ብቻ እንዲነበቡ ቢያደርጉ መልካም ነው።

የጋራ ንባቡ ሰዓት አያያዝም ሊስተካከል ይገባል። አንድ ሰዓት የተባለው አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ በተለይ ከውይይቱ ወጥቶ ወደ ስብከት የሚያዘነብል ሰው መድረኩን ሲይዝ፣ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ቆመው ያደሩ ሰዎች ይደክማሉ፣ ልጆችም ይርባቸዋል። የሰንበቴው ዕለት ሲሆን ችግሩ ይቀላል፤ ዳቦውና ንፍሮው በአዳራሹ በር ላይ ስለሚዘጋጅ ንባቡ በጊዜው ያልቃል፣ ጨዋታውም በማዕዱ ዙሪያ ይቀጥላል። አባቶቻችን ሰንበቴን የመሰለ በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ሳይርቁ አብረው የሚቀመጡበት ሥርዓት ስላቆዩልን፣ የንባቡን መርሐ ግብር ከሰንበቴው ጋር በየሳምንቱ ለማያያዝ ቢሞከር ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ይሆናል የሚል አሳብ አለኝ። የሰንበቴው አባላት ዕድሜያቸው የገፋ፣ የንባቡ ታዳሚዎች በአብዛኛው ወጣቶች በመሆናቸው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

አገልግሎቱ የሚበጀው ለማን ነው ለሚለው፣ በመጀመሪያ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ምንባባቱን መከታተል ለሚፈልግ ለማንኛውም ምእመን ነው እላለሁ። ከሌላ ከተማ ለትምህርት ወደ ጅማ ለመጡ፣ በደብሩ ዘመድም ወዳጅም ለሌላቸው ተማሪዎች ደግሞ ከወረቀቱ ይልቅ አዳራሹ ይጠቅማቸዋል፤ በመጀመሪያው ሰንበት የማያውቁት ሰው አጠገብ ተቀምጠው አብረው ያነባሉ፣ በሦስተኛው ሰንበት «ያለፈው ሳምንት የት ጠፋህ?» የሚላቸው ያገኛሉ። በቤቱ ጸጥታ ብቻውን ጠልቆ ማጥናት ለሚመርጥ፣ የአባቶችን ትርጓሜ በስፋት ለሚፈልግ ሰው ግን ማብራሪያው ይቀጥንበታል፤ እንዲህ ያለው ሰው ወደ መምህራን ጉባኤ ቢሄድ ይሻለዋል።

ማግኘት የምትፈልጉ ሁሉ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ወረቀት የሚታደለው ቅዳሴ እንዳለቀ በሴቶች መግቢያ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቶሎ ስለሚያልቅ ጸበል ጠጥታችሁ ወዲያውኑ ብትደርሱ ይሻላል፤ ከቤት መውጣት የማይችል ሰው ካላችሁም ስሙንና ሰፈሩን በጠረጴዛው ላይ ባለው ደብተር አስመዝግቡ። በክረምት ለወረቀቱ የሚሆን ላስቲክ ይዛችሁ ኑ።